ወንድምሽ «የቀለህ መከርከሚያ ላኪልኝ» ቢልሽ

ሥራ ጨርሰሽ፣ ልጆቹን አስተኝተሽ፣ አልጋሽ ላይ ጋደም ብለሽ ኢሞ ስትከፍቺ ከሀገር ቤት የድምፅ መልእክት ይጠብቅሻል። መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ከዚያ የእናት ጤና፣ ከዚያ የዝናቡና የከብቱ ወሬ። ወሬው ሲያልቅ ዋናው ጉዳይ ይመጣል። «እህቴ፣ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነበረች፤ ዱባይ አትጠፋም። የቀለህ መከርከሚያ ነው የሚሏት። ፎቶዋን ልኬልሻለሁ። ካርጎ ስትልኪ ከልብሱ መሐል ብታስገቢልኝ…»

ፎቶውን ስታዪው ትንሽ የሥጋ መፍጫ ይመስላል። በእጅ የሚዞር እጀታ አለው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ መቁረጫ አለችው። ጥይት የለበትም፣ ባሩድ የለበትም። ርካሹ ከአንድ ጥሩ ሽቶ ዋጋ አይበልጥም። «ምን አለበት?» ብትዪ አይፈረድብሽም።

እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶሽ ከሆነ፣ ወይም ነገ ቢደርስሽ፣ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ነው። ዱባይ ዴይራ አካባቢም ሥሪ፣ ሻርጃ ቪላ ውስጥም ሁኚ፣ ዓጅማንም ብትኖሪ ነገሩ አንድ ነው። ሹፌር ወይም አትክልተኛ ሆነህ የምታነብ ወንድማችንም ላንተም ነው፤ እንዲያውም እንዲህ ያለው አደራ ካንተ ዘንድ ሳይበዛ አይቀርም።

መልሱን ላስቀድመው፤ አትላኪ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሕግ ነው፤ እሱን ብዙ ሰው ይገምታል። ሁለተኛውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ዕቃው ቢደርሰውም ለወንድምሽ አይሠራለትም። ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ሀገር ቤት ያለን ሰው የዱባይ ሕግ አያስፈራውም፣ ገንዘቡ ሜዳ ላይ እንደሚቀር ሲያውቅ ግን ይሰማል።

ዕቃዋ ምን ትሠራለች?

አንድ ሙሉ ጥይት አራት ነገር ነው። ከፊት የሚወጣው አረር፣ ውስጥ ያለው ባሩድ፣ ከኋላ ቂጡ ላይ የተተከለችው ትንሿ ማቀጣጠያ፣ ሁሉንም የያዘው ደግሞ ቀለህ። በረመዳን ማታ ዱባይና ሻርጃ ላይ የአፍጥር መድፍ ሲጮህ ሰምተሽ የለ? እሱ አረር የሌለው ተኩስ ነው፤ ድምፅ ብቻ። ጠመንጃ ሲተኮስ ግን አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይቃጠላል፣ ማቀጣጠያዋም ትሞታለች። የሚተርፈው ቀለሁ ብቻ ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ዒላማ የሚተኩሱና አደን የሚወዱ ብዙ ሰዎች ይህን ባዶ ቀለህ አይጥሉትም። የአገራቸው ሕግ እስከፈቀደላቸው ድረስ አጽድተው፣ አዲስ ማቀጣጠያ፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር አድርገው እንደገና ይጠቀሙበታል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የናስ ቀለህ ነው። ናስ ለስላሳ ነው፤ ሲተኮስ ይለጠጥና የጠመንጃውን ጎተራ ሞልቶ ይጠጋል፣ ከዚያ ትንሽ ይሰበሰባል። ሰውየው ቀለሁን ወደ ልኩ ለመመለስ በብረት ቅርጽ ውስጥ አስገብቶ ይጨምቀዋል። የተጨመቀው ናስ የት ይሄዳል? ሊጥ ከጎንና ከጎን ስትጫኚው ወደ ላይ እንደሚወጣው ሁሉ ናሱም ወደ አንገቱ ይሄዳል። ቀለሁ በየጊዜው በሚሊሜትር ሽራፊ ይረዝማል።

ሽራፊዋ ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን የክላሽ ጥይት 7.62 በ39 ይባላል እንጂ የቀለሁ ትልቁ የተፈቀደ ርዝመት 38.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከልኩ ያለፈ ቀለህ ወደ ጎተራው ሲገባ አፉ ከፊት ካለው ጠባብ ቦታ ጋር ይጋጫል። አንገቱ ተከፍቶ አረሩን መልቀቅ ሲገባው ጨምድዶ ይይዘዋል። ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ መውጫ ሲያጣ የሚወጣው ከተኳሹ ፊት በኩል ነው።

መከርከሚያዋ የተፈለገችው ለዚህ ነው። የቀለሁን አፍ እንደ እርሳስ መቅረጫ ትንሽ ላጥ አድርጋ ወደ ልኩ ትመልሰዋለች።

እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይሠራበታል?

ይህን የምጽፈው እንድትገዢ አይደለም። ወንድምሽ «አንቺ ስለማታውቂው ነው» እንዳይልሽ ነው።

ሦስት ዓይነት ነው በብዛት የሚታየው። በጣም ርካሹ፣ ሊ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሚሠራው ዓይነት፣ ለአንድ የጥይት ዓይነት ብቻ የተለካ ቀጭን ዘንግ ያለው መቁረጫ ነው። ዘንጉ በቀለሁ አፍ ገብቶ፣ በቂጡ መሐል ባለችው ቀዳዳ አልፎ መያዣው ላይ ሲደርስ መቁረጡን ያቆማል። ማስተካከል የሚባል ነገር የለውም፤ በዓመት ጥቂት ጥይት ለሚሞላ ሰው ይበቃል። (ይህችን የመሐል ቀዳዳ ልብ በዪልኝ፤ እመለስባታለሁ።) ሁለተኛው ፎቶው ላይ ያየሽው፣ የሥጋ መፍጫ የሚመስለው ነው። ፎርስተርና ላይማን የሚባሉ ፋብሪካዎች ይሠሩታል። ቀለሁን ከኋላው ጨብጦ ይይዛል፣ አንገቱ ውስጥ መምሪያ ይገባል፣ እጀታውን ስታዞሪ መቁረጫው እስከተወሰነለት ልክ ይላጫል። መምሪያውን በመቀየር ብዙ ዓይነት ቀለህ ያስተናግዳል። ሦስተኛው በሞተር የሚሠራ ነው፤ ዋጋው በመቶዎች ዶላር ነው፣ በመቶዎች ቀለህ ለሚከረክም ሰው ካልሆነ ትርፉ ወጪ ነው።

ከመከርከሚያው ጋር ካሊፐር ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ መከርከም በጨለማ መርፌ እንደ መክተት ነው። ቅደም ተከተሉም የማይገለበጥ ነው። ቀለሁ መጀመሪያ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፣ ከዚያ ይለካል፣ ከዚያ ይከረከማል፤ አስቀድሞ የከረከመ ሰው ሲጨምቀው መልሶ ይረዝምበታል። ከተከረከመ በኋላ አፉ እንደ ምላጭ የሰላ ጠርዝ ይተርፈዋል። እሱም ከውስጥም ከውጭም በሌላ ትንሽ መሣሪያ ይስተካከላል። አንገቱ የተሰነጠቀ፣ ወይም ከቂጡ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ መስመር ያወጣ ቀለህ አይከረከምም፤ ይጣላል። ያ መስመር ናሱ ከውስጥ መሳሳቱን የሚያሳይ ነው፤ በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊበጠስ ይችላል።

አሁን ወደ ወንድምሽ ቀለህ እንምጣ።

ሀገር ቤት በብዛት ያለው ጠመንጃ ክላሽ ነው። የክላሽ ቀለህ ደግሞ አብዛኛው ናስ አይደለም፤ ብረት ነው። የሩሲያው ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ነው። የቻይናው መዳብ ስለሚነከር ለዓይን ናስ ይመስላል፤ ማግኔት ሲጠጋው ግን ይያዛል። ብረት እንደ ናስ ተለጥጦ አይመለስም፣ ሲጨመቅ ይሰነጠቃል፣ የመከርከሚያውንም ስለት ያደንዛል።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጥይት በማቀጣጠያው አሠራር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን ያወጣው የእንግሊዙ መኮንን ቦክሰር ነው፣ ሌላውን አሜሪካዊው በርዳን፤ ሁለቱም በ1866 እ.ኤ.አ.። የሚገርመው አሜሪካኖች የእንግሊዙን ሲወስዱ አውሮፓና ሩሲያ ደግሞ የአሜሪካዊውን መውሰዳቸው ነው። በቦክሰር ቀለህ ቂጡ መሐል አንድ ቀዳዳ አለች፤ የሞተችው ማቀጣጠያ በዚያች ቀዳዳ በቀጭን ዘንግ ተገፍታ ትወጣለች። በበርዳን ቀለህ ግን መሐሉ ድፍን ነው፤ ቀዳዳዎቹ ሁለት ጥቃቅን ናቸው፣ እነሱም ከመሐል ራቅ ብለው ነው ያሉት። ዘንግ አይገባም። የርካሹ መከርከሚያ ዘንግም አይገባም፤ ቀድሜ ልብ በዪልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የክላሽ ጥይት፣ በተለይ ለጦር ሠራዊት የተሠራው፣ በአመዛኙ በርዳን ነው። አዲስ የበርዳን ማቀጣጠያም እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ጥይት መሙላት በተፈቀደባቸው አገሮች እንኳ ብዙው ሰው በርዳን ቀለህ ሲያይ ትቶት ያልፋል።

ስለዚህ ወንድምሽ ያያት ቪዲዮ የአሜሪካ ቪዲዮ ናት፤ ናሱም የአሜሪካ ናስ ነው። ደሞዝሽን ቆርጠሽ ብትልኪለት የሚቀመጠው መደርደሪያ ላይ ነው። አጥብቆ ከሞከረውና ከሆነ ቦታ ባሩድ አምጥቶ በግምት ከሞላው ደግሞ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይሆንም። ክላሽ ትከሻ ላይ ተደግፎ፣ ጉንጭ ተጠግቶ የሚተኮስ ነው።

ቀለህ ሀገር ቤት ክብር ነበረው

እዚህ ላይ ወንድምሽን እንደ ጥፋተኛ እንዳታዪው። እኛ ሀገር ጥይት ዋጋ ያለው ነገር ሆኖ የኖረው ዛሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ በምኒልክ ዘመን፣ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይዞር ነበር። በተለይ የፈረንሳዩ የ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ፣ ባለ 11 ሚሊሜትሩ፣ ጥይቱ እንደ ዝርዝር ሳንቲም ያገለግል ነበር። ፈረንሳዮች ፊዚ ግራ የሚሉትን አባቶቻችን ውጅግራ አሉት፤ ስሙ እስካሁን ከሽማግሌ አፍ አልጠፋም። ባዶ ቀለህ ተሰብስቦ እንደገና ይሞላ እንደነበረም ሽማግሌ ሲያወራ ሰምተሽ ይሆናል።

አሁን ደግሞ አዲስ አበባ እንጦጦ አካባቢ ሴቶች ቀለህ አቅልጠው ዶቃ፣ ሐብልና አምባር ይሠራሉ። ጌጡ አሜሪካ ድረስ ተሸጧል። ቀልጦ ዶቃ የሆነ ናስ ዶቃ ነው፤ ያንን አድርገሽ ብትጓዢ ማንም ቀለህ አይለውም። ችግር የሚያመጣው መልኩን ያልለወጠው ነው፤ ቁልፍ መያዣ የሆነ ጥይት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ጥይት፣ «ማስታወሻ» ተብሎ ከቦርሳ ኪስ የተረሳ ቀለህ።

ሕጉ ምን ይላል?

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የጦር መሣሪያንና ጥይትን የሚገዛው በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 17 ነው። ስለ ፈንጂ፣ ስለ ወታደራዊ ቁሳቁስና ስለ አደገኛ ንጥረ ነገርም የሚናገር ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝ፣ ማስገባት፣ ማስወጣት፣ መነገድም ሆነ መሥራት ወንጀል ነው። እስራትና መቀጮ አለው፤ ለውጭ ዜጋ ከአገር መባረርም ሊከተል ይችላል። ባዶ ቀለህን እንደገና መሙላት ጥይት መሥራት ነው። እዚህ አገር ማንም ሰው ጋራዡ ውስጥ ተነሥቶ የሚሠራው ነገር አይደለም።

ዒላማ ተኩስ ግን እዚህ የተከበረ ስፖርት ነው። ኤምሬትስ በኦሎምፒክ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘችው በተኩስ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. አቴንስ ላይ፣ በሼኽ አሕመድ ቢን ሐሸር አል መክቱም። ሻርጃ ውስጥም የታወቀ የጎልፍና የተኩስ ክበብ አለ። ነገር ግን ይህ ሁሉ በፈቃድና በአጥር ውስጥ ያለ ነው።

«መከርከሚያው እኮ ጥይት አይደለም» ልትዪኝ ትችያለሽ። ልክ ነሽ፣ አይደለም። ግን የካርጎ ሣጥንሽን የሚፈትሽ ሰው የሚያየው ብረቱን ብቻ አይደለም፤ «ይህ ለምን ይውላል? ወደየት ይሄዳል? ላኪዋ ማን ናት?» ይላል። መልሱ «ለጥይት መሥሪያ፣ ወደ ኢትዮጵያ፣ የቤት ሠራተኛ» ሲሆን ቀጣዩን ጥያቄ ቆመሽ በኢሞ ከወንድምሽ ጋር እየተማከርሽ አትመልሺውም። ከልብስ መሐል መደበቁ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ የደበቀ ሰው ያወቀ ሰው ነው ይባላል።

በኢትዮጵያ በኩልም አዋጅ አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012። ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት ማስገባትም፣ መሥራትም፣ መነገድም ይከለክላል። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ያለውን ታውቂያለሽ። በሰላም ጊዜ «ለአደን ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር በግጭት ጊዜ አይታለፍም። ፍተሻ ላይ ሣጥኑ ሲከፈት የሚያዘው ተቀባዩ ነው፤ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው የላኪ ስም ግን ያንቺ ነው። ይህን የምለው ወገን ለይቼ አይደለም፤ ዕቃው በማንም እጅ ቢገባ ስሙ ያንቺ ሆኖ ይቀራል።

የምትሠሪበት ቤት ውስጥ

አብዛኛሽ መከርከሚያ ሳይሆን ቀለሁን ነው የምታገኚው፤ የምታገኚውም ልብስ ስታጥቢ ነው።

ክረምት ገብቶ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ቤተሰቡ ወደ በረሃ ይወጣል። ልጆች አሸዋ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያዩ ኪሳቸው ይከታሉ። ሙሉ ጥይት ይሁን ባዶ ቀለህ አይለዩም። ከበረሃ የመጣ ልብስ ሁሉ ኪሱ ሳይፈተሽ ማጠቢያ፣ በተለይም ማድረቂያ ውስጥ አይግባ። ያገኘሽው ነገር ጫፉ ላይ አረር ካለበት ሙሉ ጥይት ነው። አትክፈቺው፣ አትምቺው፣ እሳት አጠገብ አታስቀምጪው፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣዪው። ልጆቹን አርቀሽ ለማዳም ወይም ለባባ ወዲያው ንገሪ። ቤት ውስጥ ማንም ከሌለና ከፈራሽ ፖሊስ 999 ነው። ባዶ ቀለህ ብታገኚም ያው ነው፤ ለባለቤቶቹ ስጪ። ለልጅሽ መጫወቻ፣ ለወንድምሽ ናሙና ብለሽ ሻንጣሽ ውስጥ እንዳታኖሪው። ወር ሲያልፍ ትረሺዋለሽ፣ ኤክስሬዩ ግን አይረሳም።

ባለቤቱ ፈቃድ ያለው ተኳሽ ከሆነ ሌላ የምታውቂው ነገር አለ፤ እርሳስ። እርሳስ የምልሽ የሚጻፍበትን አይደለም፤ መርዛማውን ብረት ነው። አረሩ ውስጥ አለ፣ በማቀጣጠያዋ ጭስ ውስጥም አለ። ከተኩስ ሜዳ የመጣ ልብስ ላይ ዱቄቱ ይቀራል። ለአዋቂ ጥቂቱ ባይታወቅም ለሚዳህ ሕፃን አእምሮ ግን ጎጂ ነው። ስለዚህ ልብሱን አታራግፊው፤ ለብቻው እጠቢው። ጫማው ከበር ውጭ ይቅር። ከዚያ እጅሽን በሳሙና ሳትታጠቢ ልጅ አታጉርሺ፣ ሊጥም አትንኪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ይህን ሥራ ሌላ ሰው እንዲሠራው ብትጠይቂ አታፍሪ።

ጠረጴዛ ላይ የናስ ፍቅፋቂ ብታዪ በባዶ እጅ አትጥረጊው፤ እንደ መርፌ ይወጋል፣ ዓይን ከገባም ክፉ ነው። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል፤ ጨርቁን ከዚያ በኋላ ጣዪው። እንደ ጥቁር አዝሙድ ያለ ደቃቅ ነገር ፈስሶ ብታዪ ግን ተይው። ባሩድ ሊሆን ይችላል፤ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ብልጭታ ስላለው ፈጽሞ እንዳታስጠጊበት። ባለቤቱ መጥቶ ያንሣው።

መጅሊስ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጠመንጃም አለ፤ ከጩቤው ጎን። ብዙ ቤት የአያት ማስታወሻ ነው። አቧራውን ማራገፍ ካለብሽ ባለቤቱ ቆሞ ያሳይሽ እንጂ አውርደሽ አትወልውዪው። ይዘሽው ቲክቶክ ላይ ለመውጣት ደግሞ በፍጹም እንዳታስቢ። የሰው ቤት ውስጥ ያለ ፈቃድ መቅረጽ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የሳይበር ወንጀል አዋጅ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ጠመንጃ ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል አንቺው ገምቺው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤትም ይሁን የሀገር ልጅ «ዕቃ ከውጭ ሲመጣ በስምሽ ተቀበዪልኝ፣ የኤሚሬትስ አይዲሽን ፎቶ ላኪልኝ» ቢልሽ እምቢ በዪ። ለመከርከሚያ ብቻ አይደለም፤ ለማንኛውም ያላየሽው ዕቃ። ፓስፖርትሽና መታወቂያሽ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው የቤት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 9 መሠረት ራስሽ ዘንድ የመያዝ መብት አለሽ፤ ፎቶውን ግን አንዴ ከሰጠሽ በኋላ ማን እንደሚጠቀምበት መቆጣጠር አትችይም።

ሻንጣ ስታዘጋጂ

ፈቃድ ያላቸው የስፖርት ተኳሾች እንኳ ጥይት ይዘው የሚበሩት አየር መንገዱ አስቀድሞ ሲፈቅድላቸው ብቻ ነው። እሱም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ለአንድ ሰው ከ5 ኪሎ ሳይበልጥ። በእጅ ቦርሳ ፈጽሞ አይቻልም። ለአንቺና ለእኔ ይህ በር የለም። ከዱባይ ተነሺም ከሻርጃ፣ የምትጭኚው ሻንጣ ሁሉ በኤክስሬይ ያልፋል።

ወደ ሀገር የምትገቢ ከሆነ ከጉዞው በፊት በነበረው ማታ ሻንጣውን ባዶ አድርገሽ ገልብጪው። የውስጥ ኪሶቹን፣ የሽፋኑን ስፌት፣ የተዋስሽው ሻንጣ ከሆነ ደግሞ ጎማው ጋ ያለውን ሁሉ ፈትሺ። የአደራ ዕቃ ታስሮ ከመጣ ባለቤቱ ባለበት ፍቺው። «እኔን አታምኚም?» የሚል ካለ አደራውን ይዞ ይሂድ።

ለወንድምሽ ምን ትዪዋለሽ?

ብዙ እህቶች እምቢ ማለት ሳይሆን የሚቸግራቸው አነጋገሩ ነው። ታላቅ ወንድም ነው፣ እናትሽን የሚጦረው እሱ ነው፣ «ዱባይ ሄደሽ ረሳሽን» እንዳይልሽ ትፈሪያለሽ። ዝም ብለሽ ብትተዪው ደግሞ በሌላ ሰው ያስልካል። እንዲህ ብትዪው ምን ይመስልሻል?

«ወንድም ጋሼ፣ ስለ ዕቃው ጠየቅኩልህ። መጀመሪያ ማግኔት ወደ ቀለሁ አስጠጋ፤ ከተያዘ ብረት ነው፣ ለመከርከሚያ አይሆንም። የክላሽ ቀለህ ደግሞ አብዛኛው ቂጡ መሐል ቀዳዳ የለውም፣ ማቀጣጠያው አይወጣልህም። ቪዲዮው ላይ ያየኸው የሌላ አገር ጥይት ነው። ገንዘቡ ከሚባክን ለአንተ የሚጠቅም ነገር ንገረኝ። እኔን ደግሞ እዚህ ያሳስረኛል። እናታችንን ሰላም በልልኝ።»

አጭር ነው፣ አይሳደብም፣ ሊከራከረውም ያስቸግረዋል። ማግኔቱን ከሞከረ ራሱ ያየዋል። ብረት መሥራት የሚወድ ሰው ከሆነም ድሪል፣ ግራይንደር፣ ጥሩ መፍቻ ሊያስደስተው ይችላል። እነዚህ በግልጽ ተጽፈው የሚላኩ፣ ሥራም የሚፈጥሩ ዕቃዎች ናቸው። በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ «አትላኪ ብቻ በዪውና ዝጊው» የሚሉ። እኔ ግን ምክንያቱን ሰምቶ የተወ ሰው በሌላ በኩል አይሞክርም እላለሁ።

ገዝተሽው ከሆነስ?

ካልተላከ አትላኪው። የገዛሽበት ሱቅ ወይም ድረ ገጽ የሚመልስ ከሆነ በደረሰኙ መልሺ። ካርጎ ቤት ገብቶ ሣጥኑ ገና ካልወጣ ራስሽ ሄደሽ፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ተናግረሽ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ እንዲወጣ ጠይቂ። የዕቃው ዝርዝር ወረቀት ላይ «ልብስ» ብቻ ተብሎ ተጽፎ ከሆነም አስተካክዪው፤ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ከሣጥኑ መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ተቀበዪ።

ፖሊስ ከጠየቀሽ እውነቱን ተናገሪ፣ አትሽሺ፣ ስልክሽ ላይ ያለውን መልእክት አታጥፊ። ወንድምሽ የላከው የድምፅ መልእክት ዕቃውን ለምን እንደገዛሽ የሚያስረዳልሽ እሱ ነው። ዓረብኛ የምትናገሪው ለወጥ ቤት የሚሆን ያህል ከሆነ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በዪ፤ ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ። ዱባይ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት እንዲያውቅ እንዲደረግልሽ ጠይቂ፤ ለምታምኛት ጓደኛም የት እንዳለሽ አሳውቂ። የቆንስላውን ስልክና የጓደኛሽን ቁጥር ደግሞ ዛሬ ማታ በወረቀት ጽፈሽ ከፓስፖርትሽ ጋር አስቀምጪው፤ ስልክሽ እጅሽ ላይ ላይኖር ይችላል።